በእኔ ስም የተመዘገበው የዐሥራ አንድ ሰው አክሲዮን

አምቦ ፍርድ ቤት በር ላይ ሠላሳ ዓመት ያህል ማመልከቻ ጽፌያለሁ። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። እንግሊዝኛን ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት፣ ቁቤን፣ የኦሮምኛውን ፊደል፣ ደግሞ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ሲቃረብ ከልጄ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ተማርኩ። የንግድ ሕጉን ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። በዚህ ከተማ ይህን ያደረገ ሌላ ሰው ካለ እኔ አላገኘሁትም። ዲግሪ የያዙ ጠበቆች ጠረጴዛዬ ድረስ መጥተው፣ ጎንበስ ብለው፣ "ጋሼ፣ ይቺን ነገር እንዴት ብንጽፋት ይሻላል?" ይሉኝ ነበር። እነግራቸዋለሁ፤ እንዳልኳቸው ይጽፋሉ፤ ይረታሉ።

ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ ያለውን የሚያነብ ሰው "ምስኪን፣ አላወቀም ነበር" ብሎ እንዳያዝንልኝ ነው። አውቅ ነበር።

ከዐሥር ዓመት በፊት ገደማ፣ ከረባት ያሰሩ ሁለት ሰዎች ከአዲስ አበባ መጥተው አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሰበሰቡን። የኑግ ዘይት ፋብሪካ ሊቋቋም ነው አሉ። የምዕራብ ሸዋ ገበሬ ኑጉን በርካሽ አስረክቦ የሰው አገር ዘይት በውድ የሚገዛበት ጊዜ አበቃ፤ ፋብሪካው የእናንተ ነው፤ አክሲዮን ግዙ። ተነሥቼ ስለ መሥራቾቹ ድርሻ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ። ከሁለቱ አንዱ መልስ ከመስጠቱ በፊት ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። የአዳራሹ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። የዚያን ቀን አስፋልቱ የእኔ ይመስል መሀል ለመሀል እየሄድኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

ችግሩ፣ አንድ ሰው መግዛት ያለበት ዝቅተኛው የአክሲዮን ብዛት ከአቅማችን በላይ ነበር። ስለዚህ ከእድራችን ዐሥራ አንድ ሰዎች አንድ ላይ እንግዛ አልን። የእድሩ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ሁሉ በአንድ ሰው ግቢ ነው የሚቀመጠው፤ የዚያ ሰው ነው ብሎ የሚያስብ ግን የለም። አክሲዮኑም እንደዚያው በአንድ ሰው ስም ይሁን ተባለ። በማን ስም የሚለው ብዙ አላነጋገረም። "የእሱ ፊርማ በየቢሮው ይታወቃል" አለ የእድሩ ሰብሳቢ፣ በአገጩ ወደ እኔ እያሳየ። የዐሥሩ ሰዎች ስም በእድሩ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ተጻፈ። በኩባንያው መዝገብ ላይ የሰፈረው ግን የእኔ ስም ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ሕጉ እንደማያውቀው አውቃለሁ። በሕጉ ፊት ባለአክሲዮን ማለት መዝገቡ ላይ ስሙ ያለ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ይህን ማንሣት የተሰጠኝን ክብር መመለስ መሰለኝ።

ከዐሥራ አንዱ አንዱ የጉደር ገበሬ ነው። በወጣትነታችን አምቦ ወፍጮ ቤት አብረን ዱቄት ተሸክመናል። ወደ ጉደር ተመልሶ ማረስ ከጀመረ በኋላም እድራችንን አልለቀቀም። እኔ እሱን፣ እሱም እኔን የምንጠራው "ኦቦሌሳ" እያልን ነው፤ ወንድሜ እንደማለት። ማንበብና መጻፍ አይችልም፤ ያስፈለገው ወረቀት ሁሉ ከእሱ አፍ ወጥቶ በእኔ እጅ ነው የተጻፈው። ለአክሲዮኑ ከጉደር ወንዝ ዳር የነበረውን ባሕር ዛፉን አስቆርጦ ሸጠ።

ሚስቱ አልወደደችውም። "ዛፉ ቆሞ ይታየን ነበር። ይሄ የገዛችሁት ነገር የት ነው የሚታየው?" አለችኝ። ሰርተፊኬቱ ሲመጣ በመስታወት አስገብቼ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩትና ሁለቱንም ጠርቼ አሳየኋቸው። እሷ መሠረተ ትምህርት ተምራለች፤ ታነባለች። ቀረብ ብላ ከላይ እስከ ታች አየችው።

"ያንተ ስም ብቻ ነው እንዴ ያለው?"

"የእኔ ስም የሁላችሁም ስም ነው" አልኳት።

ባሏ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ዐሥራ አንዳችንን ወክዬ አዲስ አበባ እወርድ ነበር። በስሜ ብዙ አክሲዮን ስላለ ከፊት ያስቀምጡኛል። እናገራለሁ፤ ይጨበጨብልኛል። አንድ ዓመት ለእያንዳንዱ ተሰብሳቢ "የሙከራ ምርታችን" ተብሎ አንድ ጠርሙስ ዘይት ታደለ። ዐሥራ አንዳችንም በየተራ እያነሣን አየነው፤ ከዚያ ሚስቴ ወጥ ሠራችበት። ጠርሙሱን ስታጥበው የተለጠፈው ወረቀት ተላጠና ከሥሩ የሌላ ፋብሪካ ወረቀት ወጣ። "ባዶ ጠርሙስ ተውሰው ይሆናል" አልኳት። ሚስቴ ጠርሙሱን ለጋዝ አደረገችው።

ፋብሪካው ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው ሳይመታ ዓመታት አለፉ። መጀመሪያ መንገድ ተዘጋ አሉን፤ ቀጥሎ ኮሮና መጣ አሉን፤ ቀጥሎ ዶላር ጠፋ አሉን። ሦስቱም እውነት ስለነበሩ ለማመን አላስቸገሩም። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ላይ የአክሲዮን ገበያ ሊከፈት ነው የሚል ወሬ በሬዲዮ ይሰማ ጀመር፤ ኩባንያችንም በገበያው ለመመዝገብ ማመልከቱን በደብዳቤ ገለጠልን። ደብዳቤውን በእድር ስብሰባ ላይ ቆሜ አነበብኩት። "እስከ ዛሬ አክሲዮን ለመሸጥ ገዥ ፍለጋ ሰው ቤት ማንኳኳት ነበር" አልኳቸው። "ገበያው ላይ ከወጣን ግን ዋጋችን በየቀኑ ይታያል፤ ገዥው ራሱ ይመጣል።" ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው እንኳ ተለወጠ።

በዚያው ሰሞን የጉደሩ ወዳጄ ሚስት ታመመች። ልቧ ነው። አዲስ አበባ ያሉ ሐኪሞች ቶሎ ኦፕራሲዮን ትሁን አሉ፤ የሚጠይቁት ገንዘብ ግን በሬዎቹን ሁሉ ቢሸጥ የሚሞላ አልነበረም። አንድ ጠዋት ወዳጄ አንድ የአምቦ እህል ነጋዴ አስከትሎ ጠረጴዛዬ ጋ መጣ። ነጋዴው የእሱን ድርሻ ሊገዛ ተስማምቷል፤ ዋጋው ከገዛንበት ትንሽ ያንሳል፤ የቀረው የእኔ ፊርማ ነው።

"ይሄ ሰውዬ ድርሻህን ለምን ሊገዛ እንደፈለገ ታውቃለህ?" አልኩት ወዳጄን፣ ነጋዴው እየሰማ። "ገበያው ሊከፈት ስለሆነ ነው። ሦስት ወር ታገሥ፤ እጥፍ ትሸጠዋለህ።"

"ጋሼ" አለ ነጋዴው ፈገግ ብሎ፣ "እርስዎ ጽሕፈቱን ይያዙ፣ ንግዱን ለእኔ ይተዉልኝ።"

ብዕሬን ከጠረጴዛው አንሥቼ ኪሴ ከተትኩ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

"ማሎ፣ ኦቦሌሳ፣ ፈርምልኝ" አለ ወዳጄ። ማሎ ማለት እባክህ ነው። በአርባ ዓመት ወዳጅነት ለእኔ ብሎት አያውቅም ነበር።

"ሐኪሙ በትክክል ምን አለህ?"

"ቶሎ አለ።"

"ቶሎ ማለት ስንት ቀን ነው? ሦስት ወር ቶሎ አይደለም? ጠየቅከው?"

አላዋቂ ምስክር እንደሚፋጠጥ ነው ያፋጠጥኩት። እሱ ደግሞ ከነጋዴውም፣ ከሐኪሙም ይልቅ የሚያምነው እኔን ነው። ባርኔጣውን አንሥቶ ትንሽ አሻሸውና "እሺ፤ አንተ ካልክ" ብሎ ሄደ።

ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ደብዳቤ መጣ። ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ኩባንያው ለዓመታት ሒሳቡን በኦዲተር አላስመረመረም፤ ስለዚህ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ለገበያው ከቀረቡት ዝርዝር አውጥቶታል። አበዳሪው ባንክ ደግሞ ይህን ሲሰማ ኩባንያውን ከስሷል፤ ፍርድ ቤት ሒሳብ አጣሪ ሾሟል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አክሲዮን መሸጥም ሆነ ወደ ሌላ ሰው ማዛወር ታግዷል።

ከገበያው ዝርዝር የተሰረዘ ኩባንያ ባለአክሲዮን ምን እንደሚሆን ሰዎች ይጠይቁኛል። ባለአክሲዮንነቱን ማንም አይወስድበትም። ወረቀቱ ያው ወረቀት ነው፣ ማኅተሙም ያው ነው፤ ዕለቱን የሚጠፋው ገዥው ነው። ኩባንያው ከፈረሰ ደግሞ ካለው ንብረት መጀመሪያ ሠራተኛው፣ ግብሩ፣ ባንኩ፣ ሌላውም አበዳሪ ይወስዳል። ከዚያ የተረፈ ካለ ለባለአክሲዮን ነው፤ የእኛ ፋብሪካ ጣሪያ የሌለው ግድግዳ ነበር። ይህን ቅደም ተከተል በንግድ ሕጉ ላይ በእርሳስ አስምሬበታለሁ። አዳራሹ ውስጥ "ባለቤት ናችሁ" ሲሉን፣ የእነዚያ መስመሮች ትርጉም ባለቤት መጨረሻ ተሰላፊ ነው ማለት እንደሆነ ተነሥቼ መናገር የምችል ብቸኛው ሰው እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ እህል ነጋዴው መንገድ ላይ አገኘኝና በሁለት እጁ ጨበጠኝ። "ጋሼ፣ አዳኑኝ እኮ! ቢፈርሙልኝ ኖሮ አልቆልኝ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።" ከልቡ ነው ያመሰገነኝ። በቀጣዩ ቅዳሜ አንድ ፌስታል ጤፍ ዱቄት ላከልኝ። መለስኩለት።

የወዳጄ ሚስት ደብዳቤው ከመጣ በሦስተኛው ሳምንት ሞተች። ድንኳኑን የወሰድነው ከእኛው እድር ነው። ልጆቿ ሦስት ናቸው፤ ትልቋ ጉደር ላይ አስተማሪ ነች። ድንኳኑ ውስጥ አባታቸው ሲቀመጥ እነሱ ይነሣሉ። ነገሩ የገባኝ በሁለተኛው ቀን ነው። "አክሲዮኑ ዋጋ እስኪያወጣ ብሎ እናታችንን ገደላት" ይላሉ። አባታቸው ይህን እየሰማ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ፈርምልኝ ብዬ ለምኜ ነበር፣ እንቢ ያለኝ ያ እዚያ የተቀመጠው ሰውዬ ነው አላለም። በሰው ፊት ሊያዋርደኝ አልፈለገም። እኔም አልተናገርኩም። ተናጋሪ ነው የምባለው ሰው ሦስት ቀን ሙሉ እዚያ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ አንድ ዐረፍተ ነገር አጣሁ።

ከተዝካሩ በኋላ ጠረጴዛዬ ጋ መጣ። ለባለጉዳይ የማስቀምጣት በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

"ማመልከቻ ጻፍልኝ" አለኝ።

"በማን ላይ?"

"ባንተ ላይ።"

ወረቀት አወጣሁ፤ ሌላ ምን እንደማደርግ አላወቅኩም። "ዳኛው ምን እንዲወስንልህ ነው የምትጠይቀው?"

"ለዳኛ አይደለም። ለልጆቼ ነው። ቤት ስገባ ይወጣሉ። የእኔን ቃል አይሰሙም፤ ያንተን ጽሕፈት ግን ያውቁታል።"

"ማዶ ያለው ጸሐፊ ይጻፍልህ፤ በራሴ ላይ እንዴት አድርጌ…"

"አንተ ትበልጣለህ ሲባል ነው የምሰማው" አለ። እየቀለደ እንደሆነ ፊቱን አየሁ። አይቀልድም።

ልጆቹ ያነቡት ዘንድ በኦሮምኛ ጻፍኩት። ሳነብለት እያቆመኝ ያዳምጣል። አንድ ቦታ ላይ "ቅን ልቦና" የሚል አስገብቻለሁ፤ ፊርማውን የከለከልኩት በቅን ልቦና ነው ብዬ።

"እሱ ምንድነው?"

"ክፉ አላሰብኩም ማለት ነው።"

"ያን ቀን ስለ ክፉና ስለ ደግ ተነጋግረን ነበር?"

ሰረዝኩት። "የገበያውን ሁኔታ በማመዛዘን" የሚለውንም ሳይጠይቀኝ ሰረዝኩት። በመጨረሻ ግማሽ ገጽ የማትሞላ ነገር ቀረች። በዚህ ቀን መጣ፤ ሚስቴ ታማለች አለኝ፤ ገዥውን አመጣልኝ፤ አልፈረምኩም። አንብቤ ስጨርስ ራሱን ነቀነቀ።

"ማሎ ማለቴን አልጻፍክም።"

ጻፍኩት። በሕይወቴ ከጻፍኳቸው ሁሉ የሚበልጠው ያ ወረቀት ነው፤ አንድ ትርፍ ቃል የለበትም።

በዚያው ቀን በሚኒባስ አብረን ጉደር ሄድን። ትልቋ ልጅ ግቢው በር ላይ አገኘችን። ላነብላት ወረቀቱን ዘረጋሁ፤ ከእጄ ወሰደችና ራሷ አነበበችው። ቀረብ አድርጋ፣ ከላይ እስከ ታች፣ እንደ እናቷ። ሁለተኛ ጊዜም አነበበችው።

"ሌላ የከለከለ ሰው አልነበረም? ከታች ያለው የእርስዎ ስም ብቻ ነው።"

"አዎ ልጄ። የእኔ ብቻ ነው።"

ወረቀቱን በአራት አጥፋ ያዘችው። አባቷን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ክንዱን ይዛ "ግባ፣ አባ፤ ምሳ አልበላህም" አለችው። ገቡ። በሩ ተዘጋ።

እስከዚያ ዕለት ድረስ ከዚያ ቤት ደጃፍ ግባ ሳልባል የተመለስኩበት ቀን አልነበረም። ትንሽ ቆምኩ፤ ማንም አልወጣም። ወደ አስፋልቱ ወጥቼ የአምቦ መኪና ጠበቅኩ። የሒሳብ አጣሪው ደብዳቤ ዛሬም ይመጣል፤ ሁሉም የሚጻፈው ለእኔ ብቻ ነው።