በሽመላዋ ጀርባ ላይ የነበረው እጅ

አቼቶ ለብ ባለ ውሃ ሲበጠበጥ የሚወጣው ሽታ አሁንም ቡራዩ፣ ኦቦ ለሚ ሳሎን ውስጥ ወስዶ ያስቀምጠኛል። ዛሬም ለገጣፎ አንድ ትልቅ ቤት ሳጸዳ እንዲሁ ሆንኩ። ወገቤ ዝሏል፣ ገና ሁለት ክፍል ይቀረኛል፤ እኔ ግን ባልዲው ላይ አጎንብሼ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኛለሁ።

ኦቦ ለሚ ጎረቤታችን ነበሩ። የደረጃ መደገፊያ እየበየዱ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። ከማይዝገው ብረት ቁርጥራጭ፣ እሑድ እሑድ እየተቀመጡ፣ ቁመታቸው ወገቤ የሚደርስ ሁለት ሽመላዎች ሠሩ። አንደኛዋ ፊት እስክታሳይ የተወለወለች ናት። ሁለተኛዋን በብርጭቆ ወረቀት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አሽተው ደብዛዛ እንደሆነች ተዉአት። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ፣ በአንጸባራቂዋ ፀጉሩን ካስተካከለ በኋላ፣ «ይችኛዋን መቼ ነው የሚጨርሷት?» ይላቸው ነበር።

«አልቃለች» ይላሉ ኦቦ ለሚ፣ ፊታቸው ጭፍግግ ብሎ። ይህን መልስ ስንት ጊዜ እንደሰጡ እንጃ።

በሽመላዎቹ አቀማመጥ ላይ ቀልድ አያውቁም። አንጸባራቂዋ ቴሌቪዥኑ ላይ ብርሃን እንዳትረጭ ከመስኮቱ ርቃ ቡፌው አጠገብ ትቆማለች። ደብዛዛዋ መስኮቱ ሥር ናት፤ ጠዋት ፀሐይ ጎኗን ሲነካት ጭረቱ እንደ ቀጭን ክር ይታያል። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ አንድ ጊዜ እንደ ቴሌቪዥኑና እንደ ሶፋው ዳንቴል አልብሰዋት ነበር። ኦቦ ለሚ ዳንቴሉን አንስተው፣ አጣጥፈው እጃቸው ላይ አስቀመጡላቸው።

አጠራረጉን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት አቼቶ፣ ያረጀ ካናቴራ፤ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ በአጠገባቸው አያልፍም። «ጭረቱን ተከትለሽ ነው፣ ኢንተለ ኮ» ይሉኛል እጄን ይዘው፤ «ልጄ» ማለታቸው ነው። «ስትጨርሺ ደግሞ በደረቅ ጨርቅ።» የራሳቸው ልጆች አድገው ዱከም ፋብሪካ ስለገቡ እኔ ልጃቸው ሆኜ ነበር።

እትዬ አስካለ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ከሶፋው ሲነሱ የሚደገፉት የደብዛዛዋን ጀርባ ነው። እጃቸው ከቫዝሊን ስለማይለይ አምስት ጣታቸው ቁልጭ ብሎ ይቀራል።

«አስካለ፣ እጅሽን» ይላሉ ኦቦ ለሚ።

«ታዲያ በምን ልነሳ? ለሰው ሁሉ መደገፊያ ስትሠራ ለእኔ ምን ሠራህልኝ?»

እኔም ጨርቄን ይዤ እሮጣለሁ። በቀን ሁለቴ፣ ሦስቴ እንዲህ ነበርን።

አንድ ቀን እትዬ አስካለ ሆስፒታል ሄዱና አልተመለሱም። ለቅሶው አልፎ ድንኳኑ ሲፈርስ እናቴ ቤታቸውን እንዳጸዳ ላከችኝ። ሳሎኑ የለቀስተኛ ጫማ ባመጣው ጭቃ ተበላሽቷል። ኦቦ ለሚ፣ ለምን እንደሆነ አልገባኝም፣ ከደብዛዛዋ ፊት ወንበር ደርድረው ነበር። ወንበሮቹን ሳነሳ ጀርባዋ ላይ እጅ አየሁ፤ መዳፍ ከነጣቱ። አቼቶውን በጠበጥኩና ጭረቱን ተከትዬ ጠረግኩት። በደረቅ ጨርቅም ደገምኩት።

ኦቦ ለሚ ዘመድ ሸኝተው ገቡና በቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄዱ። ጀርባዋን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉ፤ ጎንበስ ብለውም ከጎን አዩት።

«እዚህ ጋ እጅ ነበር» አሉ።

«አጠፋሁት፣ ኦቦ። ምንም አልቀረም» አልኳቸው። እንዲያመሰግኑኝ እየጠበቅኩ ነበር።

ሶፋው ላይ ተቀመጡ። «ጎበዝ» አሉ። «ምን ታደርጊ፣ ኢንተለ ኮ። ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወዲህ ለጠረጋ ጠርተውኝ አያውቁም። አቧራው ሁለቱንም አለበሳቸውና የትኛዋ አንጸባራቂ፣ የትኛዋ ደብዛዛ እንደሆነች በሩቅ የማይለይበት ጊዜ መጣ። ያደረግኩት ነገር የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው፤ ያኔ እሳቸው የሉም። ይቅርታ ሳልላቸው መቅረቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሥራዬም ይኸው መጥረግ ሆኖ ቀረ። በየሰው ሳሎን ብረትም መስታወትም እወለውላለሁ፤ ማንም ነቅፎኝ አያውቅም። ብቻ የእጅ አሻራ ሳይ የቤቱን ባለቤት እጠራለሁ። «ይሄ የማን እጅ ነው? ልጥረገው?» እላለሁ። ብዙዎቹ ይስቁብኛል፤ ሥራ የማጓትት የሚመስላቸውም አሉ። እስኪመልሱልኝ ድረስ እርጥቡን ጨርቅ ይዤ እቆማለሁ።