ራፕ በአማርኛ ይጻፍ

ጌጥነሽ በፍኖተ ሰላም ከተማ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ከሆነች ሃያ ሁለት ዓመት ሞላት። በታይፕ ጀምራ ኮምፒውተር ላይ ደረሰች እንጂ ሥራው ያው ነው፤ ሌላው ያስባል፣ እሷ ትጽፋለች። ወገቧ ከወንበሩ ጋር ከተጣላ ሰንብቷል።

ሰሞኑን ስመኘው የሚባል የቡሬ ወጣት ከጓደኞቹ ጋር ራፕ ለማቅረብ አዳራሽ ይፈቀድልኝ ብሎ አመለከተ። ጌጥነሽ የፈቃዱን ደብዳቤ ጽፋ ለኃላፊው ለአቶ ገደፋው ወሰደች። እሳቸው "ራፕ" የሚለውን በቀይ ከበቡና መለሱላት።

"ይህ ምንድን ነው? በአማርኛ ይጻፍ።"

"ፉከራ" ብላ ተመለሰች።

"በዚህ ጊዜ ፉከራ የሚል ደብዳቤ ላይ እኔ ልፈርም?"

"ፈጣን ዘፈን" አለች በማግስቱ።

"ፈጣንማ እስክስታውም ፈጣን ነው።"

በአራተኛው ቀን ሰለቻት። ስመኘው መልስ ፍለጋ ከቡሬ በሚኒባስ ሲመጣ አጠገቧ አስቀመጠችው።

"ልጄ፣ እስቲ አንተው ንገረኝ። ራፕ ማለት ምን ማለት ነው?"

"ምትና ግጥም ማለት ከሆኑ የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት የተወሰደ ነው የሚሉ አሉ፣ እትዬ። እኔ ግን መዝገበ ቃላት አይቻለሁ፤ ቃሉ ከሙዚቃው በፊት የነበረ ነው። መጀመሪያ መምታት፣ በር ማንኳኳት ማለት ነበር። ቆይቶ ቆጣ ብሎ መናገርም ሆነ። ኋላ የአሜሪካ ጥቁሮች ለወግ፣ ለጨዋታ አዋሉት። ሙዚቃው ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።"

"ማንኳኳት" አለች ጌጥነሽ። በዚያ ሳምንት የአቶ ገደፋውን በር ስንቴ እንዳንኳኳች አሰበችና ሳቋ ሊመጣ ሲል ደከማት።

"በምት የሚነገር ግጥም" ብላ ጻፈች። አቶ ገደፋው ሁለቴ አነበቡት። "አማርኛ መቼ አንሶን!" ብለው ፈረሙ።

እሑድ ከሰዓት፣ ስመኘው "እርስዎ ካልመጡማ አይሆንም" ብሎ ስለለመናት ሄደች። አዳራሹ በር ላይ በትልቁ የተጻፈው "ራፕ" ነው። ቆም ብላ አየችው። አልተናደደችም፤ መናደድም ጉልበት ይጠይቃል።

ከኋላ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች። ልጁ ስለ ቡሬ መናኸሪያ፣ ሥራ አጥቶ ስለመዋል ሳይተነፍስ ይደረድር ጀመር። ግማሹ አመለጣት። "ዛሬ ሂድ ነገ ና፣ ነገ ስመጣ ኃላፊው የለም" ሲል ግን ቀና አለች።

"እውነቱን ነው" አለች ለራሷ።

ከዚያ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል እንቅልፍ ወሰዳት። አዳራሹ ባዶ ከሆነ በኋላ ስመኘው ራሱ መጥቶ በቀስታ ቀሰቀሳት።