የአያቴ የከረመ ቅቤ

ነፍሳቸውን ይማርና፣ አያቴ ደረታቸውን ጨምደድ ሲያደርጋቸው፣ ሞጣ ካለው ቤታቸው ጓዳ፣ ከማሰሮው የከረመ ቅቤ ጨልፈው፣ አቅልጠው ይጠጡ ነበር። «ለጋው ለጠጉር፣ የከረመው ለደረት» ይሉኝ ነበር።

ልባቸው ቀጥ ብሎ ከቀበርናቸው በኋላ፣ ቢቸና ሐኪም የሆነውን የአጎቴን ልጅ ጠየቅሁት።

«ቅቤ ሲከርም ኮሌስትሮሉ በአየር ይበላሻል፤ እንዲህ ያለው የልብን የደም ሥር ሊያስቆጣና ሊያጠብ ይችላል» አለኝ።

«ታዲያ ቅቤው ነው የገደላቸው?»

«እሱን እንጃ፤ በሽታው ብዙ ምክንያት አለው።»

ግራ ገባኝ። መድኃኒታቸው ነበር ወይስ በሽታቸው? ማሰሮውን ልደፋው አነሳሁና መልሼ አስቀመጥሁት። መደባቸው ባዶ ነው፤ ከማሰሮውም የሚጨልፍ የለም።

ትናንት እኔንም ደረቴን ጨምደድ አደረገኝ። እናቴ ከአባቷ ማሰሮ ጨልፋ፣ በእሳቸው ማንኪያ አቅልጣ አመጣችልኝ። ሽታው የእሳቸው ነበር።

አፌን ከፈትሁ።