የመጨረሻዋ ቫልቭ

ስምንት ዓመት ሙሉ የዚያችን ሰማያዊ አሮጌ መኪና ሞተር በእጄ ያዞርኩት እኔ ነኝ። ሞተሯ ከኋላ ነው። ቫልቮቿ የሚስተካከሉት ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲያድር ነው። እኔ ካንዴላዎቹን ፈትቼ ቺንጋውን፣ የሞተሩን የጎማ ቀበቶ፣ በሁለት እጄ እይዝና ቀስ እያልኩ አዞራለሁ፤ አለቃዬ ከስር ተጋድመው የቫልቩን ክፍተት በቀጭን መለኪያ ብረት ይለካሉ። «አዙር» ሲሉኝ አዞራለሁ፣ «በቃ» ሲሉኝ አቆማለሁ። አንድ ቀን መለኪያዋን ለእኔ እንደሚሰጡኝ ተጠራጥሬ አላውቅም። ቡታጅራ ውስጥ ሜካኒክ የሚባለው መለኪያ የያዘ ነው፤ አዟሪ አዟሪ ነው።

ዘንድሮ ባለቤቱ ሐጂ ለአረፋ ቤተሰባቸውን ይዘው እንሴኖ ሊሄዱባት መኪናዋን ሲያመጧት፣ አለቃዬ መለኪያዋን ለአዲሷ ሠራተኛ ሰጧት። ከወልቂጤ ከመጣች ገና ሦስት ወር ላልሞላት ሴት። ተናደድኩ። ሴት ስለሆነች አይደለም ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ትንሽ እሱም ነበረበት።

«ወንድሜ፣ ትንሽ አዙርልኝ» ትለኛለች ከስር ሆና። አዞርኩላት፤ ምን አባቴ ላድርግ? እጇ ፈጣን ነው፣ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው። ከስምንቱ ቫልቮች ሰባቱን አስተካክላ ወጣችና አለቃዬ ጉልበታቸውን ይዘው ወረዱ። ማንም ይሥራው ማን፣ ስምንተኛዋን የሚያስተካክሉት እሳቸው ናቸው፤ ልማዳቸው ነው። እኔ ግን ዓይኔን ከሷ ላይ አልነቀልኩም።

በማግስቱ ማንም ሳይመጣ ጋራዡ ገባሁ። ስህተቷን ላገኝ ነው የመጣሁት፣ ምን እዋሻለሁ። እየተነሳሁ አዞራለሁ፣ እየተጋደምኩ እለካለሁ። አንዷ ልክ ናት። ሌላዋም ልክ ናት። እያንዳንዷ ልክ በሆነች ቁጥር ፊቴ ሲጠቁር ይታወቀኛል። በኋላ አንዷ ጋ መለኪያዋ አልገባም አለች፤ ቫልቩ ከመጠን በላይ ጠብቋል። እንዲህ ሆኖ ቢነዳ ይቃጠላል። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ስንተኛዋ ናት ብዬ እንኳን አልቆጠርኩም። ላስተካክላት ስችል እንዳለች ተውኳት፤ ሰው እንዲያያት ፈልጌ ነበር።

ሐጂ «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ሲገቡ፣ አለቃዬና እሷም ቆመው ነበር። «የለካችውን ኑና እዩላት» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

መለኪያዋን ይዛ ወርዳ ቫልቩን ለካችው። ስትወጣ የተመለከተችው እኔን አይደለም፣ አለቃዬን ነው። «የኔ ጥፋት ነው ጋሼ፣ ቸኩዬ ነው» አለች።

«የትኛዋ ናት?» አሉ እሳቸው።

እሷ መለኪያዋን በጨርቅ መጥረግ ጀመረች። ጎንበስ ብዬ ያን ጊዜ ቆጠርኩ። ስምንተኛዋ ናት።

አለቃዬ እጃቸውን ዘርግተው አዩት። «ስኳሩ ነው፤ ጣቴ ደንዝዟል፣ መለኪያዋ ስትነካኝ አይሰማኝም» አሉ ለሐጂ። «እሷ የመጣች ሰሞን አውቃብኛለች።» ሐጂ «አላህ ያሽርህ» ብለው መሬት መሬት አዩ። ስምንት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ እኔ የማየው ቺንጋውን ነበር።

ከዚያ መለኪያዋን ከሷ ተቀብለው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። «በል፣ አስተካክላት። ከዛሬ ጀምሮ የመጨረሻዋ ያንተ ናት» አሉኝ። ቁጣ እንኳን የለበትም፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ዞረው ቺንጋውን ያዙ።

ከስር ተጋደምኩ። የምመኛት መለኪያ በእጄ ናት፤ «ያዙሩልኝ ጋሼ» የምትል ቃል ግን ከአፌ አልወጣ አለች። «ያዙሩለት ጋሼ» ብላ ያለችልኝ እሷ ናት። ከዚያ ሆኜ የሚታየኝ የሁለቱ እግር ብቻ ነበር፤ አብረው ሊያዞሩ ጎን ለጎን ቆመዋል። አሁንም ቀናሁ።