እማማ ያልዘመሩት ቃል

ቅድም ልጄ ከጓዳ ሆና «እማ፣ ሽዌይ አለቀ፣ ልጣድ?» ስትል ሳቅሽ። እቤታችን የሚመጣ ሰው ሁሉ ይስቃል። እዚህ ቤት ውኃ ሽዌይ ነው የሚባለው፤ የፈላውም፣ የቀዘቀዘውም፣ ከቧንቧ የሚወርደውም። አሁን ከፊትሽ ያለው፣ ቅጠልም ስኳርም ያልገባበት ሙቅ ውኃ ደግሞ ዋናው ሽዌይ ነው። ብርጭቆውን አንሥቼ እንፋሎቱ ፊቴን ሲነካኝ ሁልጊዜ አንድ ሽታ ይመጣብኛል። የውኃው አይደለም፤ ውኃ ምን ሽታ አለው? የእርጥብ ምንጣፍ፣ የተጠበሰ ዝንጅብልና የወንዝ ጭጋግ ሽታ ነው። የዚያች ከተማ ሽታ።

ያን ጊዜ ሃያ ዓመት አልፎኝ ገና ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ከዶዮገና ሆሳዕና መጥቼ ቀን ቀን የዘመድ ሱቅ እየጠበቅሁ ማታ እማር ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው ፊደል ሲሳሳት ያመዋል። በዕድሜ የምበልጣቸው ልጆች እንዳይስቁብኝ እያንዳንዱን ቃል ደግሜ ሳላይ አልፌ አላውቅም። ድምፄ ቀጭን ቢሆንም የከተማው ኳየር ውስጥ ቦታ ያገኘሁትም ለዚሁ ነው፤ የመዝሙሮቹን ግጥም የምጽፈው እኔ ነበርኩ።

እማማ በረድፉ ላይ አጠገቤ ነበር የሚቆሙት። በኋላ አማቴ ሆኑ፤ ያኔ ግን ለእኔ እንደ ሰው ሁሉ እማማ ብቻ ነበሩ። ባላቸው የሞተባቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቆጮ የሚሸጡ፣ ንግግር የማያበዙ የዶዮገና ሴት። ድምፃቸው እንደ ቃጫ ገመድ ነበር፤ ወፍራም፣ ዳር ዳሩ ላይ ትንሽ የሚሻክር፣ የያዘውን የማይለቅ። ቻይና ለተጠራንበት የኳየሮች ውድድር የተመረጠውን ዜማ ያመጡትም እሳቸው ናቸው። በእኛ አገር ሴቶች ወደ ምንጭ ሲወርዱ የሚቀባበሉት የከምባትኛ ዘፈን ነው። መሪያችን፣ ትምህርት ቤት ሙዚቃ የሚያስተምረው መምህር፣ ለአራት ድምፅ አከፋፈለውና የመሪነቱን ዜማ ለእማማ ሰጠ። መምህሩ ሀዲያ ነው፤ ከምባትኛ አይሰማም። ቃሉን በጆሮው ዜማ አድርጎ ብቻ ነበር የያዘው።

ነገሩ የተበላሸውም፣ ወይም የተሠራውም፣ እዚህ ላይ ነው።

እኛ ዘንድ ያገባች ሴት የባሏን አባትና እናት ስም አትጠራም። ስማቸው በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ሌላ ቃልም ከአፏ አይወጣም፤ በምትኩ ሌላ ቃል ትፈልግለታለች። ባሊሻ ይባላል። የዛሬ ልጆች ትተውታል፣ እማማ ግን አልተዉትም። የባላቸው አባት ስም የሚጀምረው ውኃ በከምባትኛ በሚጀምርበት ድምፅ ነበር። ስለዚህ እማማ ውኃን «የሚቀዳው» ይሉታል፣ በአማርኛም ቢሆን። ዘፈኑ ደግሞ የምንጭ ዘፈን ነው፤ በየአንጓው ውኃ አለ። እሳቸው እዚያ ሲደርሱ የራሳቸውን ቃል ተክተው ያልፋሉ፤ ማንም ልብ አይልም። እኔ ግጥሙን ስጽፍ ከልጅነቴ እንደማውቀው ጻፍኩት። ውኃን ውኃ ብዬ። ያ ጽሑፍ ነው ተተርጉሞ፣ በላቲን ፊደልም ተገልብጦ፣ ቀድሞን ቻይና የሄደው።

ከሆሳዕና በአውቶቡስ ስንወጣ ጭጋግ ነበር፤ እዚያም ጭጋግ ተቀበለን። የእነሱ ግን ሙቅ ነው፣ ልብስ ላይ ይለጠፋል። ከተማዋ ትልቅ ወንዝ ዳር የተዘረጋች ናት፤ የፎቆቹ ጫፍ ደመና ውስጥ ገብቶ አይታይም፣ መብራታቸው ብቻ ከላይ እንደ ጨረቃ ይፈዛል። ከዓለም ዙሪያ የመጡ ዘማሪዎች በየሆቴሉ ደጃፍ፣ በየደረጃው ላይ ይለማመዳሉ፤ መንገድ ስትሻገሪ የአንዱ አገር ዜማ አልቆ የሌላው ይጀምርሻል። ከእኛ ጋር አዲሎ ላይ ሚኒባስ የሚነዳ፣ ባስ የሚዘምር ቀልደኛ ሰውዬ ነበር። መስኮት ላይ ተለጥፎ «ይኼን ሁሉ መንገድ ዘርግተው አንድ አህያ አይለቁበትም? ታዲያ ጥሩምባው ለማን ነው?» አለ። ሀደሮ ገበያ የምንገዛው ቴርሞስ ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው ብለው ሲነግሩትም «እንግዲያው ዘመዶቹን ሳንጠይቅ አንመለስም» አለ።

መጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ ለሁላችንም በብርጭቆ ትኩስ ነገር ተቀዳልን። ሹፌሩ ቀመሰና «ቅጠሉን ረስተውት ነው» አለ። አስተርጓሚያችን ሳቀች። አማርኛ ዩኒቨርሲቲ የተማረች ቻይናዊት ልጅ ናት፤ «ክቡራን እንግዶች፣ እንደምን አደራችሁ?» እያለች ነበር የምትቀሰቅሰን። እዚህ አገር ሰው ውኃ የሚጠጣው አሙቆ እንደሆነ አስረዳችን።

«በእናንተ ምን ይባላል?» አሏት እማማ፣ ብርጭቆውን እየጠቆሙ።

«ሽዌይ።»

«ሽዌይ» አሉ እማማ። ቀስ ብለው፣ እንደሚጣፍጥ ነገር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እኛ አገር ሽ… ሽ ብሎ የሚጀምር ሰው አለኝ እንዴ? በባሌ ወገን?»

«የለም መሰለኝ፣ እማማ።»

«የለም!» አሉና ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር። «ይኼ ቃል የማንም አይደለም። ሽዌይ! ልጄ፣ ሽዌይ ጨምሪልኝ!» ከሙሽርነታቸው ጀምሮ በስሙ ያልጠሩትን ነገር፣ ያን ሁሉ ዓመት ዙሪያውን ሲሄዱበት የኖሩትን፣ በሰው አገር አገኙት። ያን ቀን ሲጠማቸውም ሳይጠማቸውም ጠጡ።

በማግስቱ፣ ከመድረኩ ቀን በፊት፣ በአዳራሹ ልምምድ አደረግን። አስተርጓሚዋ በላቲን የተጻፈውን ግጥም ይዛ በጣቷ እየተከተለች ነበር። ቋንቋውን አታውቀውም፤ ግን ጆሮ አላት። ስንጨርስ በትሕትና እጇን አወጣች። «ይቅርታ ክቡር መምህር፣ እዚህ ቦታ ላይ እናት ሌላ ቃል ነው የሚሉት። እዚህም። እዚህም።»

መምህሩ ወደ እኔ አየ። ነገሩን ነገርኩት። ግንባሩን ያዘ።

«እማማ፣ ዳኞቹ ወረቀቱን ይዘው ነው የሚቀመጡት። ሦስት ቦታ ላይ ቃል ሳተች ይላሉ። ስንት ቀን የለፋንበት ነው።»



«እዚህ ማን ያውቅብዎታል?» አለ ሹፌሩ፣ ሊያቀልለው ብሎ። «ደግሞ ሰውየው ካረፉ ቆዩ። ቻይና ድረስ ይሰማሉ እንዴ?»

«የምሰማው እኔ ነኝ» አሉ እማማ።

ማንም አልሳቀም። መምህሩ ወረቀቱን አጠፈና «እንደ ተጻፈው ይዘመር፤ ካልሆነ ነገ ዜማውን እሷ ትመራለች» አለ፤ እኔን ማለቱ ነው። የእኔ ድምፅ ያን አዳራሽ እንደማይሞላ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። እማማ አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ። መምህሩ እሺ ያሉት መሰለው። እኔ የአገሬን ሴት አውቃለሁ፤ አንገቷን ዝቅ የምታደርገው ለተናጋሪው ክብር ነው፣ ለነገሩ አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ሁለታችን ወንዙ ዳር ሄድን። ውኃው ቡናማ ነው፣ እንደ እኛ ክረምት ጎርፍ፤ ጀልባዎች ቀስ እያሉ ይሰነጥቁታል። ድንጋይ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ሳልጠይቃቸው ጀመሩ።

«ይኼን የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ታመምኩ። የባሌ እናት ሞታለች፣ ባሌ ሥራ ፍለጋ ርቆ ሄዷል። እቤት ውስጥ የባሌ አባትና እኔ ብቻ ነን። አንድ ጠዋት ስነቃ እንስራው ሞልቷል። ማን ቀዳው? እሱ። ሽማግሌ፣ ዳኛ ተብሎ ዛፍ ሥር የሚቀመጥ ሰው፣ እንስራ አዝሎ ምንጭ ወረደ። ሴቶቹ ከምንጩ ተነሥተው እንደ ጉድ አዩት። አገር ሳቀበት፣ ስም አወጡለት። እኔ እስክነሣ ድረስ አልተወም። አንድ ቀን እንኳ 'ቀዳሁልሽ' አላለኝም።» ወንዙን አዩት። «እኔ ምን እመልስለታለሁ? ያለኝ ይኼ ነው። ያቺን ቃል ለእሱ አስቀመጥኳት።»

 እርጥቡ ድንጋይ ላይ የወደቀውን የነጠላቸውን ጫፍ አነሣሁላቸው።

መድረኩ ላይ መብራቱ ፊታችን ላይ ሲወድቅ ከፊት ያለው ሕዝብ ጨለማ ሆነ። የዳኞቹ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ትንንሽ መብራቶች አሉ፤ ወረቀት ሲገለጥ ይሰማል። እማማ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጡ። ድምፃቸው ወጣ። አዳራሹ ፀጥ አለ፤ ያን ዓይነት ፀጥታ ዶዮገና ላይ ዝናብ ሊጥል ሲል ነው የማውቀው። ወደ ቃሉ ደረሱ። የራሳቸውንም ቃል አልተኩም፣ የተጻፈውንም አላሉም። አፋቸውን ዘጉ፣ ልክ ሰው ለሽማግሌ መንገድ እንደሚለቅ።

እኔ አላገባሁም ነበር። በዚያ ቃል ላይ የማንም ዕዳ የለብኝም። ሳላስበው ከረድፉ ውስጥ ሆኜ ዘመርኩት። አንድ ቃል፣ ቀጭን፣ ብቻውን። እማማ ከዚያ ተቀብለው ቀጠሉ።

የመምህሩ እጅ አየር ላይ ቀረ። ፊቱን አየሁት፤ የሚቆጣ ነበር የመሰለኝ። ዘፈኑ ግን አይጠብቅም። ሁለተኛው ቃል ሲቀርብ፣ እማማ ሊዘጉ ሲሉ፣ ግራ እጁን ቀስ አድርጎ አነሣና ወደ እኔ ዘረጋ። ግቢ አለኝ። ገባሁ። ሦስተኛውም ላይ እንደዚያው።

አላሸነፍንም። የተሳትፎ ወረቀት ይዘን ነው የተመለስነው። ሲያልቅ ግን ከዳኞቹ አንዷ፣ ሽበት የወረሳት ሴት፣ መጥታ በአስተርጓሚዋ በኩል መምህሩን ጠየቀችው። «አሮጊቷ ስትተወው ልጅቱ የምታነሣው ያ ቃል፣ የአገራችሁ የዜማ ሥርዓት ነው?»

መምህሩ እማማን አየ። «አዎ» አለ። «የአገራችን ሥርዓት ነው።» አልዋሸም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ያ እንስራ የተሞላለትን ልጅ አገባሁ። እናቱን ጥየቃ ስመላለስ ነው የተዋወቅነው። እማማ እኛ ጋ ኖሩ። ሽዌይን ከቻይና ይዘውት የመጡ ዕቃ ያህል ይወዱት ነበር፤ ለጎረቤት አስተማሩ፣ ልጄን ከጡት ቀጥሎ ያስለመዷት ቃል እሱ ነው። እኔም ተማርኩ፣ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሥራ ገባሁ። ባሊሻን እንደ እሳቸው አልያዝኩም። ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ እንዴት ይመቻል? ፊደል ሁሉ ሥራዬ ነው። አስገድደውኝም አያውቁም። ስማቸውን ግን አንድም ቀን ከአፌ አውጥቼ አላውቅም። ማንም አላዘዘኝም፤ ምላሴ ራሱ እዚያ ጋ ሲደርስ መንገድ ይለቃል።

አምና ክረምቱ ሲገባ አረፉ። ዶዮገና ወስደን ቀበርናቸው። የሕይወት ታሪካቸውን የምትጽፈው አንቺ ነሽ፣ የምታነቢውም አንቺ ነሽ ተባልኩ። ጻፍኩት። እጄ ስማቸውን ሲጽፍ አላመነታም፤ እጅ ሌላ ነው። መቃብሩ ዳር ቆሜ ወረቀቱን ስገልጥ፣ ካፊያው ቀለሙ ላይ እየነጠበ፣ የመጀመሪያውን መስመር ጀመርኩ። «እናታችን ወይዘሮ…» አልኩና ቆምኩ።

ሰው ጠበቀ። ያለቀስኩ መሰላቸው። አንዲት ሴት «አይዞሽ ልጄ» አለች። ባለቤቴ ወረቀቱን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ።

በዚህ መሃል ከሆሳዕና ከመጡት መካከል አንድ ሰው ስማቸውን ሙሉውን፣ ከነአባታቸው፣ በአስተማሪ ድምፅ ጠራ። መምህሩ ነው። ጡረታ ወጥቷል፣ ምርኩዝ ይዟል። አንድም ቃል አልጨመረም።

ከዚያ ቀጥዬ አነበብኩ። መቼ እንደተወለዱ፣ ማንን እንዳሳደጉ፣ ወዴት አገር ሄደው እንደዘመሩ። ስማቸው ዳግመኛ የሚመጣበት መስመር ላይ ስቃረብ ቀና ብዬ በሕዝቡ ውስጥ ፈለግሁት። እያየኝ ነበር። ግራ እጄን ከወረቀቱ ላይ ቀስ አድርጌ አነሣሁና ወደ እሱ ዘረጋሁ።

ስማቸው ማን እንደነበር ልትጠይቂኝ አፍሽን ከፍተሽ እንደመለስሽው አይቻለሁ። ልጄ ሽዌዩን ይዛ ስትመጣ እሷን ጠይቂያት። እሷ ትችላለች።