ወላጅ አምጪ

ከዚያ ሁሉ ሰልፈኛ መሐል እኔን ለይታ ያስያዘችኝ ምላሴ ናት። እናቴ «ይህች ምላስሽ አንድ ቀን ጉድ ታፈላብሻለች» ትለኝ ነበር፤ ጉዱ የፈላው ደብረ ማርቆስ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆኜ ነው። ከሉማሜ ገባ ብላ ካለች የገበሬ መንደር መጥቼ፣ ከሁለት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንማር ነበር።

ትምህርት ከተከፈተ ሦስተኛ ወራችንን ይዘናል፤ የሒሳብ መምህር የለንም። የለንም ስል በክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ላይ አለ። ሰኞ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የእሱ ነው፣ ማክሰኞ አራተኛውም የእሱ ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። የነበረው መምህር ክረምት ላይ ተዛውሮ ሄደ፣ ተተኪው ደግሞ «መንገድ ላይ ነው» ተባልን። ከሞያሌ በእግሩ ቢነሳ እንኳ ይደርስ ነበር።

መጀመሪያ በደንቡ ሄድን። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ለእሳቸው ነገርናቸውና ገጽ ተኩል ጻፉልን። «ከሕግም፣ ከህሊናም፣ ከሒሳብም አንጻር» የሚል ቃል ነበረበት። እኛ ራሳችን ስናነበው አሳዘንን። ዳይሬክተሩ ግን ተቀበለንና መሳቢያው ውስጥ ከተተው። እዚያ መሳቢያ የገባ ወረቀት ሲወጣ ያየ ሰው የለም።

ስለዚህ አንድ ማለዳ ሰንደቅ ዓላማው ተሰቅሎ፣ መዝሙሩ ተዘምሮ፣ «ወደ ክፍል» ሲባል ንቅንቅ ያለ የለም። መፈክር የለ፣ ድንጋይ የለ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ በሙሉ ባለበት ቆሞ የማባዛት ሰንጠረዥ መቁጠር ጀመረ፤ እንደ ሁለተኛ ክፍል ልጅ፣ ዜማ አውጥቶ። ሁለት ጊዜ ሁለት አራት፣ ሁለት ጊዜ ሦስት ስድስት። ጺም ያበቀለው ጎረምሳ ሁሉ በዚያ ወፍራም ድምፁ ያስነካዋል። እስከ ስድስት ድረስ አምሮልን ሄደ። ሰባት ጊዜ ስምንት ላይ ግን ግማሹ ሃምሳ ስድስት፣ ግማሹ ሃምሳ አራት አለና ሰልፉ ለሁለት ተከፈለ፤ ለጥቂት እርስ በርሳችን ልንጣላ ነበር።

ዳይሬክተሩ መጣ። እኔ አጭር ስለሆንኩ ሰልፍ ላይ ምንጊዜም ፊት ነኝ፤ ፊቴ ቆመና «ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለ። ዝም አይነቅዝም፤ ዝም ብል ምን ነበረበት። «ሒሳብ እየተማርን ነው መምህር» አልኩ። «መምህሩ እስኪደርስ ድረስ ተረዳድተን ነው።» ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እሱ አልሳቀም።

ሁለት ክፍለ ጊዜ እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ የእኔን ስም አስቀድሞ፣ ከፊት የቆምነውን ሃያ ተማሪዎች ስም መዘገበና «ሰኞ ወላጅ አምጡ» አለ። «አከራይ ወላጅ አይደለም። የውሸት ወላጅ ይዞ የመጣ ዓመቱን ይሰናበታል።»

እኔ ዛሬ ራሴ ጠመኔ የያዝኩ መምህርት ነኝ፤ ስለዚህ ነገር የምናገረው አለኝ። ተማሪ በትምህርት ሰዓት ሲቆምብን እኛ መምህራን የምናውቃት መድኃኒት አንዲት ናት፤ ወላጅ አምጣ። ራሱን ለሚያመውም፣ ሆዱን ለሚያመውም ያችኑ ኪኒን። ክፍል ጥሎ መውጣቱን እኔም አልወድም፤ ያመለጠ ትምህርት አይመለስም። ግን ልጁ ሁለት ክፍለ ጊዜ አባከነ ብለን የምንንጨረጨረው እኛ ሦስት ወር ስናባክን የማንን ወላጅ አመጣን? መጀመሪያ «ምን ጎደላችሁ?» ብሎ መጠየቅ፣ የጎደለውን ማሟላት፣ ከዚያ መቆጣት። እንዲህ ስል ባልደረቦቼ «አንቺ ድሮም ከተማሪ ጋር ነሽ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው።

ለማንኛውም፣ ያን ጊዜ ለእኔ ወላጅ ማምጣት ማለት ትምህርቴ አለቀ ማለት ነበር። አባቴ እኔን ወደ ከተማ ሲልኩኝ ለጋብቻ የመጡ ሽማግሌዎችን ሁለት ጊዜ መልሰው ነው። ለአገሩ ሰው «ልጄ ትማራለች» ብለው አፋቸውን ሞልተው ተናገሩ፤ ለእኔ ደግሞ «አንዲት ክስ ከትምህርት ቤት ብትመጣብኝ ደብተርሽን ጠቅልለሽ ትመለሻለሽ» አሉኝ። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚባለውን ሌላው ለወግ ይለዋል፤ አባቴ ያምኑበታል። እንኳን ተቆጥተው፣ ዝም ብለው ሲያዩኝም ያርበደብደኛል።

እና ማመልከቻ ጸሐፊው ዘንድ ሄድኩ። «አባት ይሁኑኝ» አልኳቸው፣ ምንም ሳላዞር። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«ጽሑፌንስ ምን አደረገው?»

«መሳቢያ ውስጥ ከተተው።»

«እንደዚያ ነው?» አሉና እስክሪብቷቸውን ከደኑ። «ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ክርክር ስጽፍ ኖርኩ። አንድም ቀን ቆሜ ተከራክሬ አላውቅም። እመጣለሁ።»

ሰኞ ኮት ለብሰው፣ ፋይል በብብታቸው ይዘው መጡ። መንገዱን ሙሉ «ስንት ላም አለን? እናትሽ ደህና ናት? የቱ ታቦት ነው የምንዘክረው?» እያሉ አጠኑኝ። ምስክር ሳይጠና አይቀርብም አሉ።

ዳይሬክተሩ ወላጆቹን አዳራሽ ሰብስቦ ገና «ልጆቻችሁ» ከማለቱ፣ የእኔ አባት እጃቸውን አውጥተው «ሥነ ሥርዓት» አሉ። ከዚያ ወዲያ ያስቆማቸው የለም። አንደኛ አሉ፣ ሁለተኛ አሉ። «ልጄ ጥፋተኛ ናት» አሉ። «ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ አራት ያለችው እሷ ናት።» ሃምሳ ስድስት ነበር ያልኩት፤ እንዴት እንደተናደድኩ። «ግን ክቡር ሰብሳቢ፣ ማን አስተምሯት ነው?» ወላጅ ሁሉ አጨበጨበ። ከሰዓት በፊት ስብሰባው ሲያልቅ እኛ ሃያዎቹ ይቅር ተብለናል፤ የእኔ የውሸት አባት ደግሞ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው ተመርጠዋል። ቃለ ጉባኤው ላይ የፈረመው ዳይሬክተሩ ራሱ ነው።

ወይ ጣጣ። ለአንድ ቀን የተዋስኳቸው አባት በየአሥራ አምስት ቀኑ ይመጡ ጀመር። እውነት ለመናገር ሠሩ፤ የሒሳብ መምህሩ በሁለት ሳምንት ከዚያ ከማያልቅ መንገዱ ደረሰ። ተማሪም በስብሰባው ተወካይ ይኑረው ብለው አስወሰኑ፤ ተወካይዋም እኔ ሆንኩ። ግን አባትነቱ ጣማቸው። መንገድ ላይ አስቁመው ውጤቴን ይጠይቁኛል። ፊዚክስ ስልሳ አንድ ባመጣሁ ጊዜ ወረቀቱን ገልብጠው አዩና «ይግባኝ በይ» አሉኝ።

ፋሲካ እንዳለፈ አንድ ረቡዕ ስብሰባ ተቀመጥን። የቀረበው ጉዳይ የአንድ አሥረኛ ክፍል ልጅ ነበር፤ አርፍዶ ወላጅ አምጣ ሲባል ባጃጅ ነጂ አባቴ ነው ብሎ ያመጣ። ነጂው ልጁን በሰባት ዓመት እንኳ አይበልጠውም። ዳይሬክተሩ «ደንቡ ግልጽ ነው፣ ዓመቱን ይሰናበታል» አለ። የእኛ ሰብሳቢ ላባቸው በግንባራቸው እየወረደ ተከራከሩለት። «ልጁ የዋሸው ፈርቶ ነው። ማን እንዳስፈራው እንጠይቅ» አሉ። እኔ ወደ መሬት አቀርቅሬ ጫማዬን አያለሁ።

«እንደ እርስዎ ያለ አባት ቢኖረው ባልዋሸ ነበር» አለ ዳይሬክተሩ። ከዚያ ወደ እኔ ጠቆመ። «ይኸው ልጃቸው። በጠራናቸው ቀን ነው የደረሱላት። አባት ማለት እንዲህ ነው።»

ቀና ስል በሩ ላይ አባቴ ቆመዋል።

ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ የበሶና የቆሎ ስልቻ በትከሻቸው። ስንቅ ይዘው መጥተው ቤት ሲያጡኝ ትምህርት ቤት መጥተዋል፤ ዘበኛው ደግሞ የወላጅ ስብሰባ ነው ይግቡ ብሎ አስገብቷቸዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አላውቅም፤ ፊታቸውን ሳየው ግን የሚሰማውን ሁሉ ሰምተዋል። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። አንዲት ቃል ከአፋቸው ብትወጣ እኔም፣ ሰብሳቢውም፣ ትምህርቴም አለቀልን።

«አባቴ፣ ይግቡ» አለ ዳይሬክተሩ በትህትና። «የማን ወላጅ ነዎት?»

አባቴ መጀመሪያ እኔን አዩ። ቀጥሎ ኮት ለባሹን ሰውዬ አዩ፣ ረጅም ጊዜ። ስልቻውን ከትከሻቸው አወረዱ።

«ወላጅ እንኳ አይደለሁም» አሉ፣ በዱላቸው ወደ እኔ እየጠቆሙ። «አጎቷ ነኝ፣ የእናቷ ወንድም። ስንቅ ላደርስላት ነው የመጣሁ።»

ሰብሳቢው ከመቀመጫቸው ተነስተው በሁለት እጃቸው ወንበራቸውን አቀረቡላቸው። አባቴ ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወደ ኋላ አግዳሚ ሄደው ተቀመጡ። ልጁ በማስጠንቀቂያ ታለፈ።

ወደ መናኸሪያው ስንሄድ አባቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነኝ። ዱላው አሁን ይዞራል፣ አሁን ይዞራል እያልኩ እጠብቃለሁ።

«ሰውዬው ጥሩ ይናገራል» አሉ።

«አዎ አባባ።»

«እኔ ብሆን አፌ ይያዝ ነበር።» ጥቂት ሄዱና ደግሞ «እናትሽ እንዳትሰማ። ባሏ ሆኜ ወጥቼ ወንድሟ ሆኜ መመለሴን ብታውቅ አታስቀምጠኝም» አሉ። ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው አልሳቁም። ቆሙና ዞረው አዩኝ።

«ይህን ያህል ነው የምትፈሪኝ?»

ከእንግዲህ ብዋሽ ምን ይረባኛል። «አዎ» አልኩ። አባቴ ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩና መንገዳቸውን ቀጠሉ። እንደተቆጣ ሰው ሳይሆን እንደተጎዳ ሰው ነው የሄዱት፤ ያን ጊዜ ፍርሃቴ ጠፍቶ አሳዘኑኝ።

የሉማሜው መኪና ሊንቀሳቀስ ሲል አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አድርገው «ቀጣዩ ስብሰባ መቼ ነው?» አሉኝ።

«የዛሬ አሥራ አምስት ቀን።»

«አጎት ይገባል?»

«ይገባል» አልኳቸው።

ትምህርቴን እስክጨርስ ድረስ አባቴ ከአንድም ስብሰባ ሳይቀሩ አጎቴ ሆነው መጡ።