መሸሻ

የልጅ ልጄ ስም መሸሻ ነው። ያወጣችለት ምራቴ ናት፤ እኔ ስሙን ጨርሶ አልወደድኩትም ነበር።

መሸሻ ከሮብ ገበያ በላይ ያለ የገደል ዋሻ ነው። ሽፍታ በመጣ ቁጥር አገሬው ከብቱንና ልጁን ይዞ የሚሸሸው እዚያ ስለነበር እንዲህ ተባለ። እናቴም በልጅነት ትዳሯ አንዴ ሸሽታበታለች። ሽፍቶቹ በዋሻው አናት ሲያልፉ፣ ገና ክርስትና ያልተነሳው የመጀመሪያ ልጇ ማልቀስ ጀመረ። አፉን በነጠላዋ ያዘችው። ሽፍቶቹ አለፉ፣ ሰዉ ሁሉ ተረፈ፤ ነጠላዋን ስታነሳ ግን ልጁ ትንፋሽ የለውም። ይህን የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ዋሻውን በሩቁ ሳየው እንኳ ፊቴን አዞራለሁ።

ባለፈው ክረምት ምራቴን ምጥ ያዛት። በጭቃው አምቡላንስ እኛ ዘንድ አይወጣም፤ ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያ ወረዱ፣ እኔም ከጎኗ። መንገድ ላይ እንቁላል የሚያህል በረዶ ወረደብን። ተሸካሚዎቹ እግራቸው እያዳለጣቸው ወደ ዋሻው ዞሩ።

«እዚያ አንገባም» አልኩ።

«ታዲያ እትዬ፣ በረዶ ይግደላት?» አለኝ ከፊት የያዘው።

«ትንሽ ታገሱ፣ ያባራል።»

ምራቴ እጄን ጨብጣ «እማማ፣ መጣ እኮ» አለች። ገባን።

ወንዶቹ ጀርባቸውን ሰጥተው የዋሻውን አፍ ዘጉ። ልጁ እጄ ላይ ወረደ፤ ወንድ ነው፣ ግን ዝም አለ። አፉን በጣቴ ጠረግሁ፣ ጀርባውን በጋቢዬ አሸሁት። አሁንም ዝም።

«ለምን አያለቅስም?» ትላለች ምራቴ።

እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። እናቴ እዚያው ዋሻ ውስጥ ልጇ ዝም እንዲልላት ስትለምን ነበር፤ እኔ ደግሞ «አልቅስ የኔ ጌታ፣ ማንም አይመጣብህም» እያልኩ እለምናለሁ።

አለቀሰ። ከፊት የነበረው ጎረቤታችን ዞር ሳይል «እልል በሉ እንጂ» አለ። እልል የሚል ጉልበት ግን አልነበረንም።

ምራቴ መሸሻ እንበለው ስትል ተቆጣሁ። «ዕድሜውን ሙሉ ሲሸሽ ይኑር?» አልኳት።

የእናቴን ነገር አታውቅም። «ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ? ያ ዋሻ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር እማማ?» አለችኝ። እኔም ግትር ነኝ፤ እስከ ክርስትናው ድረስ «ማሙሽ» እያልኩ አለፍኩት።

በአርባው ቀን ቤተ ክርስቲያን ወሰድነው። ከጥምቀቱ ሲወጣ ለቅሶው ካህናቱን አላሰማ አለ። አንዲት ዘመዳችን አፍራ፣ ዝም ልታሰኘው የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፉ አስጠጋች። እጇን ያዝኩት፤ ይመስለኛል አሳምሜያታለሁ። ወንድሜ ስም እንኳ ሳይወጣለት ነው የተቀበረው።

«ተዪው» አልኳት፤ «መሸሻ ያልቅስ።»